ፈሪሃ እግዚአብሔርና አክብሮተ ሰብእ

ወደ ቤተ ክርስቲያን ስንደርስ በዐጸዱ በር ቆመን እናማትባለን፤ ደጁን እንሳለማለን፤ ጫማችንንም አውልቀን እንገባለን። ይህ ሥርዓት ያለ ምክንያት የቆመ አይደለም። እግዚአብሔር ሙሴን ከሚነድደው ቍጥቋጦ መካከል በጠራው ጊዜ፥ የቆመበት ስፍራ የተቀደሰ ነውና ጫማውን እንዲያወልቅ አዝዞታል (ዘፀ. 3፥5)። ስለዚህ የእግር መራቆት የልብ ትሕትና ምልክት ነው።

ነገር ግን ሰው ቅዳሴው ተፈጽሞ ጫማውን ሲያጠልቅ ትሕትናውን በደጀ ሰላሙ ትቶ ወደ ቤቱ ቢመለስ፥ ስግደቱ የጉልበት ድካም ብቻ ሆኖ ይቀራል። እንግዲህ በመቅደስ የተማርነው አክብሮት በዕለት ኑሯችን እንዴት እንደሚገለጥ እንመልከት።

የኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 19 የሚጀምረው በቅድስና ትእዛዝ ነው። ቅድስና በምን እንደሚታወቅ ሲዘረዝር ግን ወደ ቤት፥ ወደ እርሻ፥ ወደ ገበያና ወደ ፍርድ አደባባይ ይወርዳል። እናትና አባትን መፍራት፥ የሙያተኛን ደመወዝ እስከ ነገ አለማሳደር፥ ደንቆሮን አለመስደብ፥ በዕውር ፊት ዕንቅፋት አለማኖር፥ ለሽበታም መነሣት፥ ስደተኛን አለመግፋት፥ ሚዛንን አለማጕደል በአንድነት ተጽፈዋል።

ከእነዚህም መካከል ስለ ደንቆሮና ስለ ዕውር የተነገረው (ቍ. 14)፥ ስለ ሽማግሌም የተነገረው (ቍ. 32) ከፈሪሃ እግዚአብሔር ጋር ተያይዟል። ይህ ስለ ምን ነው ቢሉ፥ ደንቆሮ ስድቡን አይሰማም፤ ዕውር ዕንቅፋቱን ማን እንዳኖረበት አያይም፤ ሽማግሌም የናቀውን ለመቅጣት ጕልበት የለውም። እነርሱ ባይሰሙና ባያዩ ግን እግዚአብሔር ይሰማል፥ ያያልም። ስለዚህ የእውነተኛ አክብሮት መለኪያው ብድር ሊመልስልን ወይም ሊከስሰን ለማይችል ሰው የምናደርገው ነው።

በዚህ ሚዛን ራሳችንን እንመዝን። ባለሥልጣን ሲመጣ ከወንበሩ ፈጥኖ የሚነሣና «እርስዎ» የሚል ሰው፥ በአባቱ ዕድሜ ያለውን ዘበኛ «አንተ» ብሎ ቢጠራ፥ ያከበረው ሹመቱን እንጂ ሰውን አይደለም። ሌሊቱን በማኅሌት ቆሞ ያደረ ሰው፥ ቁርሱ ስለ ዘገየ የቤት ሠራተኛይቱን ቢሰድብ፥ ወይም ደመወዟን ከወር ወደ ወር ቢያሳልፍ፥ ምስጋናውን በገዛ አፉ ያፈርሳል። ሐዋርያው ያዕቆብም የወርቅ ቀለበት ላደረገው መልካም ስፍራ ሰጥተው ድኻውን ከእግር በታች የሚያስቀምጡትን ገሥጿል (ያዕ. 2፥1–4)። ይህ ተግሣጽ አስቀድሞ የሚመለከተን እኛን ካህናትን ነው፤ መስቀሉ አንድ ነውና ለባለጠጋና ለነዳይ በአንድ ዓይነት ፊት ልናሳልም ይገባናል።

እንዲህም ሲባል ለታላላቆች የሚገባው ክብር ይቅር ማለት አይደለም። ንጉሥ ሰሎሞን እናቱ ቤርሳቤህ በመጣች ጊዜ ከዙፋኑ ተነሥቶ ሰገደላት፤ በቀኙም አስቀመጣት (1ነገ. 2፥19)። ሆኖም አዶንያስን ስለ ማጋባት ያቀረበችለትን ልመና አልፈጸመውም። ከዚህም አክብሮት የተጠየቁትን ሁሉ እሺ ማለት እንዳልሆነ እንረዳለን። ታላቁን በትሕትና ቃል እውነቱን የሚነግር ሰው አከበረው፤ ስሕተቱን እያየ የሚያሞግሰው ግን ሸነገለው።

እንግዲህ ምእመናን ሆይ፥ በቅዳሴ ጊዜ ስልካችንን ዘግተን በፍርሃት እንቁም። ወደ ቤታችን ስንመለስም የሚያገለግለንን በስሙ እንጥራ፥ ለድካሙ እናመስግን፥ ዋጋውን በቀኑ እንክፈል። ለአረጋዊ ስፍራ እንልቀቅ፤ የሚናገረውንም እስኪጨርስ እንስማ። ልጆቻችን አክብሮትን የሚማሩት ከምክራችን ይልቅ እኛ ለደካማው ከምናሳየው ፊት ነውና።

በመቅደሱ የምንፈራውን አምላክ በባልንጀራችን ፊት እንድናስበው እርሱ ልቡናችንን ያብራልን። አሜን።