ቅርጽ በእጅ ወይስ በሌዘር?

በደቦ ሥራ ጊዜ ዶማና አካፋ ይቀላቀላል። ሥራው ሲያልቅ «ይህ የኔ ነው»፣ «የለም፣ የኔ ነው» የሚል ክርክር ይነሣል። ፊደል ሳንለይ መሣሪያችንን የምናውቀው በእጀታው ጭረት ነበር። ዛሬ ግን ማንበብ ችለናል። ስማችን በብረቱ ላይ ቢቀረጽ አንብበን እንለያለን፤ ክርክሩም ይቀራል።

ስም የሚቀረጸው በዶማ ላይ ብቻ አይደለም። በማኅተም፣ በመስቀል፣ በቀለበት፣ በዋንጫና በስጦታ ዕቃ ላይም ይቀረጻል። ይህን የሚሠሩልን አንጥረኞችና ቀጥቃጮች ናቸው። ድሮ እነዚህ ባለሙያዎች ይናቁ ነበር። ነገር ግን ያለ እነሱ እጅ ማረሻም ማጭድም የለም።

ዛሬ በትንሽ ከተማ ተደራጅተው የሚሠሩ የእጅ ባለሙያዎች አንድ ጥያቄ ይገጥማቸዋል። «በመሮና በመዶሻ እንቀጥል ወይስ ተበድረን የሌዘር መሣሪያ እንግዛ?» ይላሉ። ከእነሱ መካከል የእኛም ልጆች አሉ። ለብድሩ ዋስ ሁኑን ሲሉን ምን ብለን እንመልስ? እስቲ ነገሩን አብረን እንመርምር።

የእጅ ቅርጽ

የእጅ ቅርጽ በስለታም መሮ ብረትን እየፋቁ ወይም በመዶሻ እየመቱ ፊደል ማውጣት ነው። መሣሪያው ርካሽ ነው፤ መብራት አይፈልግም፤ ሲደነዝዝ በሞረድ ወይም በድንጋይ ይሳላል። የሚወጣው ፊደል ጥልቅ ሊሆን ይችላል። ጥልቅ ፊደል ቢፈተግም ቶሎ አይጠፋም።

ጉድለትም አለው። ሥራው ጊዜ ይፈጃል። ሙያውን ለመልመድ ዓመታት ያስፈልጋሉ። እጅ ከሳተም ጭረቱን ማጥፋት ይከብዳል።

የሌዘር ቅርጽ

የፀሐይን ብርሃን በማጉያ መስተዋት ሰብስበን በደረቅ ገለባ ላይ ብናሳርፈው ገለባው ይጨሳል። ሌዘርም ብርሃን ነው። ነገር ግን በመሣሪያ የሚፈጠር፣ ሳይበተን በአንድ አቅጣጫ የሚጓዝ ኃይለኛ ብርሃን ነው። መጀመሪያ የሠራው ቴዎዶር ሜይማን የተባለ አሜሪካዊ ነው። ጊዜውም በ1952 ዓ.ም. (በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1960) ነበር።

በኮምፒዩተር የተጻፈውን ቃል ሌዘሩ በብረቱ ላይ ያሳርፈዋል። አንድ ስም በሴኮንዶች ውስጥ ይጨርሳል። መቶ ኩባያ ቢቀርብለት መቶውንም አንድ ዓይነት አድርጎ ይጽፋል። ፊደላችን 33 ሲሆን እያንዳንዱ 7 ቅርጽ ስላለው በጠቅላላው 231 ይሆናል። ይህን ሁሉ በየብረት መምቻው ላይ አስቀርጾ ማስቀመጥ ብዙ ወጪ ነው። በኮምፒዩተር ግን ሁሉም ይገኛል።

ሆኖም ሌዘር ሁሉ አንድ አይደለም። የፋይበር ሌዘር የሚባለው ለብረታ ብረት ይሆናል። የካርቦን ዳይኦክሳይድ ሌዘር የሚባለው ደግሞ ለእንጨትና ለቆዳ ይሆናል፤ በባዶ ብረት ላይ ግን በቀላሉ አይሠራም። ይህን ሳይጠይቅ የገዛ ሰው ዕዳ ገዛ ማለት ነው።

ሥራው ይወስን

ትንሽ የሌዘር መሣሪያ በአንድ ጊዜ የሚያወጣው ጽሑፍ ብዙውን ጊዜ ስስ ነው። በኩባያ ወይም በዋንጫ ላይ ያምራል። በዶማ ምላስ ላይ ቢሆን ግን አፈርና ድንጋይ ይፍቀዋል። ጥልቅ ለማድረግ ደጋግሞ ማስኬድ ይጠይቃል፤ ያኔ ፍጥነቱ ይቀንሳል። በእጅም ሆነ በሌዘር፣ ስማችንን አፈር በማይነካው በኩል እናስቀርጽ።

እንግዲህ ብዛት ያለውና አንድ ዓይነት የሆነ ሥራ ለሌዘር ይስማማል። አንድ መስቀል፣ አንድ ቀለበት፣ ጥልቅ ቅርጽ የሚፈልግ መሣሪያ ሲሆን የእጅ ሙያ አይናቅም።

ሒሳቡን እንሥራ

ቁጥሩ ለምሳሌ ብቻ ነው። መሣሪያው ከነኮምፒዩተሩ 300,000 ብር ይፈጃል እንበል። ለአንድ ዕቃ 50 ብር ይከፈላል። ለመብራት፣ ለኪራይና ለሠራተኛ 20 ብር ቢወጣ 30 ብር ይተርፋል። 300,000ን ለ30 ስናካፍል 10,000 ይሆናል። ዋጋውን ለመመለስ 10,000 ዕቃ መቅረጽ ያስፈልጋል ማለት ነው።

በሳምንት 200 ዕቃ ከመጣ 50 ሳምንት ይበቃል። በሳምንት የሚመጣው 40 ብቻ ከሆነ ግን 250 ሳምንት፣ ወደ 5 ዓመት የሚጠጋ ጊዜ ይፈልጋል። ወለዱ በዚህ ላይ ይጨመራል። መብራት በጠፋ ቀን ሥራ የለም፤ ዕዳው ግን ይቆጥራል።

ስለዚህ ባለሙያዎቹ አስቀድመው ለጥቂት ወራት የሚመጣላቸውን ሥራ በደብተር ይመዝግቡ። ብዛት ያለው ሥራ ሲመጣ ሌዘር ወዳለበት ከተማ ወስደው በክፍያ ያስቀርጹ። ሥራው እየበዛ ከሄደ ያን ጊዜ መግዛት ይቻላል።

ጥንቃቄ

የፋይበር ሌዘር ብርሃን ለዓይን አይታይም። ነገር ግን ወደ ዓይን ከገባ ሕመም ሳይሰማን የውስጡን ክፍል ያቃጥላል። ከሚያብለጨልጭ ብረት ላይ ነጥሮም ሊገባ ይችላል። የፀሐይ መነጽር አያድንም፤ ለዚያው ብርሃን የተሠራ መነጽር ያስፈልጋል። ጭሱም ወደ ውጭ ይውጣ። ፒ.ቪ.ሲ. የሚባለውን ፕላስቲክ በሌዘር መቅረጽ አይገባም፤ ሳንባን የሚጎዳና ብረትን የሚበላ ጋዝ ያወጣል። በእጅ የሚቀርጽ ሰውም የብረት ፍንጣሪ እንዳያገኘው ዓይኑን ይሸፍን።

አንድ ነገር ደግሞ አንርሳ። ኃይሉ እና ሃይሉ ሲነበቡ አንድ ናቸው፤ ሲጻፉ ይለያያሉ። እጅ ቢሳሳት አንድ ዕቃ ያበላሻል። ሌዘር የተሳሳተ ቃል ከተሰጠው ሁለት መቶውንም ያበላሻል። ስለዚህ ስማችንን በወረቀት ራሳችን ጽፈን እንስጥ፤ ከመቀረጹም በፊት እናንብበው። ዕቃውንም ብድሩንም በተመለከተ ከመጠምጠም መማር ይቅደም።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. ለዶማ የሚሻለው የትኛው ቅርጽ ነው? ለምን?
2. በሳምንት 100 ዕቃ ቢመጣ ዋጋው በስንት ሳምንት ይመለሳል?
3. ዋስ ሁን ብትባሉ ከመፈረማችሁ በፊት ምን ምን ትጠይቃላችሁ?