ሰነፍ ያልናት እኅት
(ከመገጣጠሚያ ሕመም ጋር ስለ መኖር)

በዚህ መጽሔት የምናቀርበው ትምህርት አብዛኛውን ጊዜ ከመጻሕፍት ለቅመን ያዘጋጀነው ነው። የዛሬው ግን አስቀድመን በጥፋታችን የተማርነው፣ በኋላም በዩኒቨርሲቲው ቤተ መጻሕፍት አንብበንና ሐኪም ጠይቀን ያጠናነው ጉዳይ ነው። ስለዚህ ከትምህርቱ በፊት ጥፋታችንን እንናገራለን።

በክፍላችን አንዲት የመዝሙር አባል የሆነች እኅት አለች። እሑድ ጠዋት ሁልጊዜ ትዘገያለች። ከመጣችም በኋላ ወንበር ስንደረድር አታግዝም ነበር፤ ለበዓል የድፎ ሊጥ ሲቦካም እጇን በነጠላዋ ውስጥ ሸሽጋ ዳር ትቆማለች። ከሰዓት በኋላ በጥናት ጊዜ ግን እንደ ማንኛችንም ታጨበጭባለች። እኛም «ጠዋት ያመማት ሰው ከሰዓት በኋላ በምን ዳነች?» እየተባባልን አማናት። በመጨረሻም በስብሰባ ላይ ስሟ ተነሥቶ «ሰነፍ» ተባለች፤ ከተረኞች ዝርዝርም ሰረዝናት። አንድም ቃል አልተከራከረችም። ከዚያ በኋላ ግን ሁለት ወር ያህል ቀረች።

ልንጠይቃት ቤቷ የሄድነው አንድ ቅዳሜ ማለዳ ነበር። እናቷ ከአልጋው ጫፍ ተቀምጠው የሹራቧን ቁልፎች እንደ ሕፃን ልጅ ሲቆልፉላት ደረስን። ዕድሜዋ ሃያ ሁለት ነው። የሁለቱም እጆቿ ጣቶች ከሥራቸው አብጠዋል። ጨብጠን ሰላም ልንላት ስንል እጇን ሰበሰበች። እናቷም «ቤተ ክርስቲያን በጊዜ ለመድረስ እኮ በሌሊቱ 10 ሰዓት ትነሣለች፤ እጇ እስኪፈታላት ነው የምትዘገየው» አሉን። ሰነፍ ያልናት ከሁላችን ቀድማ የምትነሣውን ነበር። የምንለው ጠፋን።

ሕመሟ ሩማቶይድ አርትራይተስ ይባላል።

፩. ሕመሙ ምንድን ነው?

በአገራችን መገጣጠሚያ ያመመውን ሰው ሁሉ «ቁርጥማት ይዞታል»፣ «ሪህ ነው»፣ «ብርድ ገብቶታል» ማለት የተለመደ ነው። ነገር ግን እነዚህ ሁሉ አንድ አይደሉም። ሪህ የሚባለው ዩሪክ አሲድ በመገጣጠሚያ ውስጥ እንደ ስባሪ ብርጭቆ ሲጠራቀም የሚመጣ ሲሆን፣ ብዙ ጊዜ በእግር አውራ ጣት ላይ በድንገት ይነሣል። በዕድሜ ብዛትና በሥራ ጫና የመገጣጠሚያ ልስልስ አጥንት የሚያልቅበት ሕመምም አለ፤ ይህ በአረጋውያን ጉልበት ላይ የምናየው ነው።

ሩማቶይድ አርትራይተስ ግን ከሁለቱም ይለያል። ሰውነታችን ከውጭ የሚገባ ጀርም የሚዋጋበት የመከላከያ ኀይል አለው። በዚህ ሕመም ይኸው ኀይል ወዳጁን ከጠላቱ መለየት ያቅተውና የገዛ ሰውነቱን መገጣጠሚያ ይወጋል። በመጀመሪያ የሚጠቃው መገጣጠሚያውን ከውስጥ የሚሸፍነው ስስ ሽፋን ነው። ይህ ሽፋን ያብጣል፣ ይግላል፣ ይወፍራል፤ በጊዜ ካልታከመም ልስልሱን አጥንት፣ ቀጥሎም ጠንካራውን አጥንት እየበላ መገጣጠሚያውን ያጣምማል። አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው በእጅ ጣቶች ሥር፣ በእጅ አንጓና በእግር ጣቶች ሥር ሲሆን፣ ቀኝና ግራውን አንድ ላይ መያዙ አንዱ ምልክቱ ነው። አንዳንድ ጊዜም ከመገጣጠሚያ አልፎ ዓይንን፣ ሳንባንና ልብን ሊነካ ይችላል።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገልጸው በ2019 (እ.ኤ.አ.) በመላው ዓለም 18 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ከዚህ ሕመም ጋር ይኖሩ ነበር። ከእነዚህም ከመቶ 70 ያህሉ ሴቶች ናቸው። ከአረጋውያን መካከል የሚበዛ ቢሆንም በወጣትነትም ይጀምራል። መንስኤው አንድ ነገር ብቻ አይደለም፤ በዘር የሚወረስ ዝንባሌ አለ፣ ሲጋራ ማጨስም ለሕመሙ ያጋልጣል። ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። ብርድም አያመጣውም፤ ብዙ ታማሚዎች በቀዝቃዛ ቀን ሕመሙ እንደሚብስባቸው መናገራቸው ግን እውነት ነው።

፪. የታማሚው ቀን እንዴት ይውላል?

«ጠዋት ታምማ ከሰዓት በኋላ በምን ዳነች?» ብለን ነበር። መልሱ ይኸውና። መገጣጠሚያው ሌሊቱን ሳይንቀሳቀስ ሲያድር በእብጠቱ ውስጥ ፈሳሽ ይጠራቀማል። ከዚህም ሌላ እብጠትን የሚያበርደው፣ ሰውነታችን ራሱ የሚያመርተው ኮርቲሶል የተባለ ንጥረ ነገር በሌሊት ያንሳል፤ እብጠትን የሚቀሰቅሱት ደግሞ ወደ ንጋት ገደማ ይበረታሉ። ስለዚህ ታማሚው ሲነቃ ጣቶቹ እንደ ደረቀ ቆዳ ግትር ብለው ያገኛቸዋል። በዕድሜ የሚመጣው የጉልበት ሕመም ጠዋት ቢይዝ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ይለቃል፤ ይህኛው ግን አንድ ሰዓትና ከዚያም በላይ ይቆያል። ፀሐይ ሲሞቅና እጅ ሲንቀሳቀስ ይፈታል። ስለዚህ ጠዋት መታመምና ከሰዓት በኋላ መሻል የማስመሰል ምልክት ሳይሆን የሕመሙ ጠባይ ነው።

ቀጥሎ የሚመጣው እኛ ሳናስብ የምንሠራው ትንንሽ ሥራ ነው። የቧንቧ እጀታ ማዞር፣ የቆርቆሮ ክዳን መክፈት፣ ልብስ አጥቦ መጭመቅ፣ ሊጥ ማቡካት፣ ምጣድ ማንሣት፣ ቡና መውቀጥ፣ የታክሲ በር ስቦ መዝጋት፣ ሁለት ሰዓት ሙሉ የመምህርን ቃል መጻፍ፤ ለታማሚው እነዚህ እያንዳንዳቸው ሒሳብ የሚጠይቁ ናቸው። እኅታችን እንደ ነገረችን ጠዋት ስትራመድ በጫማዋ ውስጥ ጠጠር ያለ ይመስላታል። የሰላምታ ነገርም አለ፤ በአገራችን አጥብቆ መጨበጥ ፍቅር ነው፣ ለእርሷ ግን ያንን ፍቅር መቀበል ጭንቅ ሆኖባት ቆይቷል።

ሦስተኛው ድካም ነው። ይህ ሥራ የሠራ ሰው የሚሰማው፣ በእንቅልፍ የሚወጣ ድካም አይደለም። መላ ሰውነት ከውስጥ ሲዋጋ የሚውልበት ስለሆነ ተኝተው አድረውም ይሰማል፤ የደም ማነስም ሊታከልበት ይችላል። አራተኛው ደግሞ እርግጠኛ ሆኖ ቀጠሮ መያዝ አለመቻል ነው። ሕመሙ ለሳምንታት ጋብ ይልና ሳይታሰብ ይነሣል። ዛሬ «እመጣለሁ» ያለ ሰው ነገ አልጋ ላይ ሊውል ይችላል፤ ሰውም «ቃሏን የማትጠብቅ» ይላታል። ከመገጣጠሚያው ሕመም ይልቅ ይህ ስም ይበልጥ እንዳሳመማት ሳትደብቅ ነግራናለች።

፫. ምን ይረዳል?

ሀ) በጊዜ መታከም። ይህ ሕመም እስካሁን ጨርሶ የሚነቅለው መድኃኒት አልተገኘለትም፤ ሊገታ ግን ይችላል። መገጣጠሚያ የሚበላሸው ገና ከመጀመሪያዎቹ ወራትና ዓመታት ጀምሮ ስለሆነ መዘግየት ዋጋ ያስከፍላል። እብጠትና የጠዋት መግተር ከጥቂት ሳምንታት በላይ ከቆየ ወደ ሐኪም መሄድ ይገባል። የደም ምርመራ ይረዳል፤ ነገር ግን የደም ምርመራቸው ምንም ሳያሳይ ሕመሙ ያለባቸው ሰዎች ስላሉ ሐኪሙ ሁሉንም አይቶ ይወስናል።

ለ) መድኃኒትን ማወቅ። እኅታችን ከዓመት በላይ ከመድኃኒት ቤት ዳይክሎፌናክ እየገዛች ስትውጥ ቆይታለች። ይህ ሕመሙን ያስታግሳል እንጂ የመገጣጠሚያውን መበላሸት አያቆምም፤ ለብዙ ጊዜ ሲወሰድም ጨጓራንና ኩላሊትን ይጎዳል። ሌላው ፕሬድኒሶሎን ነው። የዚህ ወገን የሆነው ኮርቲዞን ለመጀመሪያ ጊዜ ለዚህ ሕመም የተሰጠው በ1948 (እ.ኤ.አ.) በአሜሪካዊው ሐኪም ፊሊፕ ሄንች አማካይነት ሲሆን፣ መነሣት ያልቻለች ታማሚ በጥቂት ቀን ውስጥ ስትራመድ ዓለም ተደነቀ፤ ሄንችም በ1950 ከሁለት ሳይንቲስቶች ጋር የኖቤል ሽልማት ተቀበለ። ቆይቶ ግን ጉዳቱ ታየ። ለረጅም ጊዜ በብዛት ሲወሰድ አጥንት ያሳሳል፣ የደም ስኳር ከፍ ያደርጋል፣ ለሌላ በሽታ ያጋልጣል። ስለዚህ ያለ ሐኪም አይጀመርም፤ ከተጀመረም በድንገት አይቋረጥም።

ሕመሙን ከሥሩ ለመግታት አብዛኛውን ጊዜ በመጀመሪያ የሚታዘዘው ሜቶትሬክሴት ነው። ይህን መድኃኒት በሚመለከት አንድ ነገር ልብ ይባል፤ ለዚህ ሕመም የሚወሰደው በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ነው። ተሳስቶ በየቀኑ የሚውጥ ሰው ሕይወቱን ሊያጣ ይችላል። ስለዚህ ቀኑን በቀን መቁጠሪያ ላይ ምልክት ማድረግ፣ ቤተሰብም እንዲያውቀው ማድረግ ጥሩ ነው። ለመሥራት ሳምንታት ስለሚወስድበት «አልረዳኝም» ብሎ መተው አይገባም። ጉበትና ደም በየጊዜው ይመረመራሉ፤ በእርግዝና ጊዜም ፈጽሞ አይወሰድም።

ሐ) እጅን በብልኀት መጠቀም። ጠዋት እጅን ሞቅ ባለ ውኃ ውስጥ ነክሮ ቀስ በቀስ ማፍታታት ይረዳል። ያበጠና የጋለ መገጣጠሚያን ግን በኀይል ማሸትና መጎተት ጉዳት ስላለው ወጌሻ ዘንድ ከመሮጥ በፊት መጠንቀቅ ይገባል። ዕቃ ሲነሣ በጣት ጫፍ ሳይሆን በሁለት መዳፍ ወይም በክንድ መያዝ፤ የማንኪያና የእስክሪብቶ እጀታን ጨርቅ ጠቅልሎ ማወፈር፤ ጀሪካኑን ግማሽ ሞልቶ ሁለት ጊዜ መመላለስ፤ ሽንኩርት ሲላጥ መቀመጥ፤ ከባድ ሥራን በአንድ ቀን ከመጨረስ በቀናት ማካፈል ጠቃሚ ነው። እረፍት ያስፈልጋል፤ ፈጽሞ አለመንቀሳቀስ ግን ጡንቻን ያሰልላል።

መ) በቤተ ክርስቲያን። ረጅም ሰዓት መቆምና ስግደት ለታመመ ጉልበትና እግር ከባድ ነው። የታመመ ሰው ሲቀመጥ ዓይናችንን አንጣልበት። ከምግብ ጋር የሚወሰድ መድኃኒት ያለው ሰውም ስለ ጾም ሐኪሙንና የንስሓ አባቱን ያማክር እንጂ በራሱ ፈቃድ መድኃኒቱን አያቋርጥ።

፬. አንድ ምሳሌ

በ1841 (እ.ኤ.አ.) የተወለደው ታዋቂው ፈረንሳዊ ሠዓሊ ኦጉስት ሬኗር ይህ ሕመም የጀመረው ወደ ሃምሳ ዓመቱ ገደማ ነው። በዘመኑ ይህን ሕመም የሚገታ መድኃኒት ስላልነበረ ጣቶቹ ወደ መዳፉ ተጣጠፉ፤ በመጨረሻዎቹ ዓመታትም በተሽከርካሪ ወንበር ተወሰነ። ጥፍሩ መዳፉን እንዳያቆስለው እጁ በጨርቅ ይጠቀለል ነበር፤ ብሩሹንም ሌላ ሰው በጣቶቹ መካከል ያስቀምጥለታል። ትልቅ ሸራ ለመሳል እጁ ስለማይደርስ ሸራው እየተጠቀለለ ወደ እርሱ የሚቀርብበት መሣሪያ ተሠራለት። በ1919 እስኪሞት ድረስ መሳሉን አልተወም።

ይህን ያነሣነው «እርሱ ከቻለ አንቺስ?» ለማለት አይደለም። ልብ ያልነው ሌላ ነገር ነው፤ ይኸውም ብሩሹን የሚያቀብለው ሰውና ሸራውን የሚያቀርብለት መሣሪያ ነበረው። የእርሱ ትጋት ብቻውን አልበቃም፤ በዙሪያው የነበሩትም ሥራውን ለእጁ እንዲመች አድርገው አዘጋጁለት። እኛ ግን ለእኅታችን ያደረግነው ስሟን መሰረዝ ነበር።

፭. ከእኛ ምን ይጠበቃል?

ተመልሰን ሄደን ይቅርታ ጠየቅናት። እርሷም ፈገግ ብላ «ይቅርታችሁን ተቀብያለሁ፤ ግን የፊታችን እሑድም እዘገያለሁ» አለችን። ይህ አነጋገሯ ከብዙ ስብከት ይልቅ አስተማረን። ይቅርታችን ሕመሟን አያድንም፤ መለወጥ የነበረበት የእኛ አሠራር ነው። ስለዚህ የእርሷን ተራ ወደ ከሰዓት በኋላ አዛወርነው፤ አሁን ሕፃናትን መዝሙር ታስጠናለች። ሕመሙ በተነሣ ቀን የሚተካት ሰው አስቀድሞ ተመድቧል፤ ምክንያት እንድታቀርብም አትጠየቅም። ሰላምታችንንም አንገት ዝቅ በማድረግ ለወጥነው። አሁን በሐኪም ክትትል ላይ ናት፤ ደኅና የምትሆንባቸው ሳምንታት አሉ፣ የማትሆንባቸውም አሉ።

ከዚህ ጋር አንድ ነገር እናስታውስ። እርዳታም ሲበዛ ያዋርዳል። ሳይጠይቁ ከእጇ መንጠቅ ሳይሆን «ላግዝሽ ወይ?» ብሎ መጠየቅ፣ «አይ» ስትልም መተው ይገባል። «ፊትሽ እኮ ደኅና ነው» ማለትም ማጽናኛ አይደለም፤ ሕመሟን እንደ መካድ ነው።

እንግዲህ ውድ አንባብያን፤ በየክፍላችሁ ዘወትር የሚዘገይ፣ ሥራ ሲመጣ እጁን የሚሰበስብ ሰው ካለ ስሙ በስብሰባ ላይ ከመነሣቱ በፊት አንድ ሰው ቤቱ ሄዶ ይጠይቀው።

የመወያያ ጥያቄዎች
1. የጠዋት መግተር ከሰዓት በኋላ የሚቀንሰው ለምንድን ነው?
2. ሜቶትሬክሴት በሳምንት ስንት ቀን ይወሰዳል? ስሕተት እንዳይፈጠር በቤት ውስጥ ምን ማድረግ ይቻላል?
3. በክፍላችን ካለው የሥራ ድልድል መካከል ለታመመ ሰው እንዲመች ልንለውጠው የምንችለው የትኛው ነው?