ሰፈርዎ አዲስ ጠጅ ቤት ሲከፈት

ጎንደር ውስጥ ጠጅ ቤት ሲከፈት ወሬው ከባለቤቱ ይቀድማል። ገና ወንበሩ ሳይገባ ፒያሳ ላይ "ማራኪ በኩል አንድ ቤት ሊከፈት ነው፤ ማሩ የተመሰከረለት ነው አሉ" ይባላል። መስካሪው ማን እንደሆነ አይጠየቅም። አዲስ ቤት ላይ መፍረድ የሚፈልግ ሰው ግን ወሬውን ትቶ እንዲህ ቢያደርግ ይሻላል።

ደረጃ 1፦ ቀኑን ይምረጡ

በመክፈቻው ሳምንት መሄድ ደስ ይላል፤ ለፍርድ ግን አይበጅም። የመጀመሪያው ጋን ስም ለማውጣት የተጣለ ነው። ማሩ ተመርጧል፣ ጊዜውንም ጠብቋል። ቤቱ የሚፈተነው ያ ጋን ሲያልቅ ነው። ጠጅ በሙቀት ጊዜ በሳምንት ገደማ ሊደርስ ይችላል፤ ከ2,100 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ባለችው ጎንደር ግን ብርድ ሲሆን ሁለት ሳምንት፣ አንዳንዴም ሦስት ይፈልጋል። ወደ ዳባትና ደባርቅ ሲወጡ ደግሞ ይብሳል፤ ብርዱ እርሾውን ያሰንፈዋል። እንግዲህ ቅዳሜ "አልቋል" ተብለው ከተመለሱና ሰኞ ሞልቶ ከጠበቀዎት፣ ወይ ቀደም ብሎ የተጣለ ሌላ ጋን አለ፣ ወይ ያልደረሰ እየተቀዳ ነው፣ ወይ ከሌላ ቤት በጀሪካን መጥቷል። "ይህኛው መቼ ተጣለ?" ብሎ መጠየቅ ነውር የለውም። በሥራቸው የሚኮሩ ባለቤት ቀኑን ከነበዓሉ ይነግሩዎታል።

ወቅቱም ቁም ነገር ነው። ዋናው የማር ቆረጣ ከአደይ አበባ በኋላ፣ በጥቅምትና በኅዳር ነው። በኅዳር ሁሉም ቤት ጥሩ ጠጅ ቢኖረው አይገርምም፤ ቅዳሜ ገበያ ማሩ ሞልቶ ነው። ክረምት ሲገባ ማር ይወደዳል፣ ስኳርም ጋኑ ውስጥ መግባት ይጀምራል። በኅዳር የተከፈተን ቤት በነሐሴ ደግመው ይጎብኙት።

ደረጃ 2፦ ከመቀመጥዎ በፊት ያሽትቱ

ደህና ጠጅ ቤት የወይራ ጭስ ይሸታል። ጋኑ በደንብ ታጥቦ በወይራ ካልታጠነ ጠጁ አይቀናም። ከጭሱ ስር የጌሾ ምሬት ይመጣል። ቀድሞ የሚመታዎት የኮምጣጤ ሽታ ከሆነ ግን አንዱ ጋን አየር ገብቶት ሆምጥጧል ማለት ነው።

ደረጃ 3፦ ብርሌውን ይመርምሩ

ብዙ ሰው ጠጁን ያያል እንጂ ብርሌውን አያይም። ብርሌ ሆዱ ሰፊ፣ አንገቱ ቀጭን ነው፤ እጅ አይገባበትም። ውኃ ነካ አድርገው የሚመልሱት ከሆነ ከትከሻው ውስጠኛ ክፍል ላይ ቢጫ ክብ መስመር ይቀራል። ባዶውን ወደ መስኮቱ ብርሃን ያዙት፤ ያ መስመር ካለ የትናንቱ ጠጅ ከዛሬው ጋር ሊቀዳልዎት ነው። ሳይግደረደሩ ያስለውጡ። አዲስ ቤት ላይ ይህ ምልክት ከታየ፣ ቤቱ ሲያረጅ ምን ሊሆን እንደሚችል መገመት አያቅትም።

ደረጃ 4፦ በብርዝ ይጀምሩ

"እትዬ፣ ብርዝ አለ?" ይበሉ። ብርዝ ሳይፈላ የሚጠጣ የማርና የውኃ ድብልቅ ነው፤ ጌሾም የለበትም። መጠጥ የማይቀምሱ ሰዎችና ልጆች የሚጠጡት እሱን ነው (ካደረ ግን እሱም መፍላቱ አይቀርምና ለልጅ ሲሆን የዕለቱን ይጠይቁ)። ለእርስዎ የሚጠቅምዎት ማሩን እርቃኑን ስለሚያሳይ ነው። ጌሾው የሚደብቀውን ብርዝ አይደብቅም። ብርዙ የአበባና የሰፈፍ ጠረን ከሌለው፣ ምላስ ላይ ጣፍጦ ወዲያው ከጠፋ፣ የጋኑንም ነገር ይጠርጥሩ። "ብርዝ አንሠራም" ቢሉዎት ጥፋት አይደለም፤ መመዘኛ ግን አጡ ማለት ነው።

ደረጃ 5፦ ከለስላሳ ወደ ደረቅ ይሂዱ

ለስላሳ፣ መካከለኛ፣ ደረቅ ብለው ያቀርቡልዎታል። ልዩነቱ በአብዛኛው የቆይታ ነው፤ እርሾው የማሩን ስኳር በበላ ቁጥር ጣፋጭነቱ ይቀንሳል፣ ኃይሉ ይጨምራል። በደረቅ ከጀመሩ ለስላሳውን ውኃ ነው ይሉታል፤ ስለዚህ በቅደም ተከተል ይቅመሱ። ቢጫ ቀለም አያታልልዎ፤ ቀለም ይጨመራል። ማር ራሱ ከነጭ እስከ ጥቁር ቡኒ ስለሚለያይ ደህና ጠጅም መልኩ አንድ አይደለም። መደፍረሱም አያስደንግጥዎ፤ የእርሾ ነው። ብርሌው ስር አምቡላ በወፍራሙ ከተኛ ግን ማጥለሉ ላይ ተቸኩሏል። ማርና ስኳርን በምላስ ብቻ በእርግጠኝነት መለየት አይቻልም፤ "እኔ አውቀዋለሁ" የሚለውን ጎረቤትዎንም በሙሉ ልብ አይመኑት። የሚያሳምነው ተደጋግሞ ሲቀመስ የማይለዋወጥ ጣዕም ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ። የቢራ ጠርሙስ ላይ የአልኮል መጠን ተጽፏል፣ የዝዋዩ ካስቴል ወይን ላይም ተጽፏል። ብርሌ ላይ ምንም የለም። በፈረንጆቹ 2001 የታተመ የአዲስ አበባ ጠጅ ጥናት የአልኮሉ መጠን ከ3 በመቶ በታች ጀምሮ ከ20 በመቶ በላይ ድረስ እንደሚደርስ አሳይቷል። ማለትም የአንዱ ቤት ሁለት ብርሌ የሌላው ቤት ስድስት ሊሆን ይችላል። በለመዱት ቤት ቁጥር አዲስ ቤት አይጠጡ። ቆሎ ብቻ ይዘውም አይቀመጡ፤ ጥብስ ወይም ቅቅል ይዘዙ።

ደረጃ 6፦ አዝማሪው ሲመጣ

ጎንደር ነውና ማሲንቆ ይመጣል። ከከተማዋ አቅራቢያ ያለችው ቡርቧክስ የታወቀች የአዝማሪዎች መንደር ናት። ቀርቦ ሲያወድስዎት ዝም ብለው ብር አያውጡ፤ ግጥም ይስጡት። በጆሮው ሹክ ይሉታል፣ እሱ አሳምሮ ያወጣዋል፣ ሽልማቱ ከዚያ በኋላ ነው። በዚያው ቤቱንም ይሰልሉ፦ አዝማሪ ደጋግሞ የሚመጣበት ቤት ደንበኛ ያለው ቤት ነው። በነገራችን ላይ፣ በአፄ በካፋ ግብር አዳራሽ ዘመን ጠጅ የቤተ መንግሥትና የመኳንንት መጠጥ ነበር፤ ተራው ሰው ጠላውን ነበር የሚጠጣው። ዛሬ ማንም ከአዘዞ በባጃጅ መጥቶ ያዛል።

የባጃጅ ነገር ከተነሳ፣ የመንቀሳቀሻ ሰዓት ገደብ ተጥሎ እንደሆነ ከመቀመጥዎ በፊት ይጠይቁ። እየነዱ የመጡ ከሆነ ብርዝዎን ይጠጡ።

ደረጃ 7፦ ወደ ቤት ሲወስዱ

ጠጅ ከጋን ከወጣም በኋላ መፍላቱን አያቆምም። ጢም አድርገው ሞልተው ክዳኑን ካጠበቁት ጠርሙሱ ሊፈነዳ ይችላል። አንገቱን ባዶ ይተዉለት፣ ክዳኑን ላላ ያድርጉ፣ ቀዝቃዛ ቦታ ያኑሩት። ዘይት የነበረበት ጀሪካን ይዘው አይሂዱ፤ የቱንም ያህል ቢታጠብ ሽታው አይለቅም፤ ጠጁ ተበላሸ ብለውም ባለቤቷን ያማሉ።

ደረጃ 8፦ ከወር በኋላ ይመለሱ

ያንኑ ዓይነት ይዘዙ፣ ብርሌውን እንደገና ወደ መስኮቱ ይያዙት። ጣዕሙ ካልተለወጠ ደንበኛ ይሁኑ፤ ሰርግ ሲኖርዎትም ከዚያው ይዘዙ። ከተለወጠ ደግሞ ሰፈር ለሰፈር ከማውራትዎ በፊት ባለቤቷን ለብቻቸው ያነጋግሯቸው። ማር ተወዶባቸው ከሆነ ዋጋ ጨምረው በማር ብቻ እንዲጥሉ ይንገሯቸው፤ ጭማሪውንም ሳያጉረመርሙ ይክፈሉ።