ከበድር የቀረው አስታማሚ

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም

ሰው ሲሞት ምን እንደምናደርግ ሁላችንም እናውቃለን። ዕድርተኛው ይጠራል፣ ድንኳን ይተከላል፣ ጀናዛው ታጥቦና ተከፍኖ ይሰገድበታል፣ ሬሳ ተሸካሚ አይጠፋም። ሐዘንተኛው ምድጃውን ሳይለኩስ ጎረቤት እየተቀባበለ ያበላዋል። ይህ መልካም ነው፤ አላህ አያጥፋብን። ነገር ግን ያ ሟች ከመሞቱ በፊት ስምንት ወር ወይም ሁለት ዓመት አልጋ ላይ ውሎ ሊሆን ይችላል። ያን ሁሉ ሌሊት ያገላበጠው፣ ያጠበው፣ ያጎረሰው ማን ነው? አብዛኛውን ጊዜ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ባል ወይም ሚስት። ለዚያ ሰው የተተከለ ድንኳን ግን አላየንም።

በዚህ ጽሑፍ ስለ በሽተኛው ሳይሆን ስለ አስታማሚው፣ በተለይም የትዳር ጓደኛውን ስለሚያስታምመው ሰው እናገራለሁ። ዲናችን ስለዚህ ሰው ምን እንደሚል፣ እርሱ ራሱ ምን ማወቅ እንደሚገባው፣ እኛስ ምን እንደምንጠየቅ በቅደም ተከተል እንመልከት።

ዑስማንና ሩቀያ

የነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ልጅ ሩቀያና ባለቤቷ ዑስማን ኢብኑ ዐፋን (ረ.ዐ) ለእኛ ለሐበሾች እንግዳ አይደሉም። ወሕይ በወረደ በ5ኛው ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በ615፣ ከመካ ሸሽተው ወደዚህች ምድር ከመጡት የመጀመሪያዎቹ ስደተኞች መካከል ናቸው። በኋላ ወደ መዲና ተሰደዱ። በ2ኛው ዓመተ ሒጅራ በረመዳን ወር ሙስሊሞች ወደ በድር ሲወጡ ሩቀያ በጠና ታማ ነበር።

በድር ማለት ምን ማለት እንደሆነ አንባቢ ያውቃል። የሙስሊሙ ቁጥር ከ300 ትንሽ ቢያልፍ ነው፤ የጠላት ጦር ደግሞ ወደ 1000 ይጠጋል። አንድ ክንድ እንኳ በሚያስፈልግበት በዚያ ቀን ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ዑስማንን ሚስትህን አስታምም ብለው መዲና አስቀሩት። ቡኻሪ እንደዘገበው የበድር ተካፋይ የሚያገኘውን ምንዳም ሆነ የምርኮ ድርሻ እንደሚያገኝ ነገሩት። የድሉን ዜና ዘይድ ኢብኑ ሓሪሳ ይዞ መዲና ሲደርስ ሩቀያ ሞታ አፈር እየለበሰች ነበር።

ከዚህ ታሪክ ሦስት ትምህርት እወስዳለሁ። አንደኛ፣ የታመመች ሚስትን ማስታመም ወንድ ልጅ ከሥራ ሲተርፈው የሚያደርገው ነገር ሳይሆን፣ በዚያን ቀን ከነበረው ሥራ ሁሉ ከከበደው ጋር እኩል የተቆጠረ ሥራ ነው። ሁለተኛ፣ ዑስማን ብቻውን አልተተወም። የሲራ ጸሐፊዎች እንደሚነግሩን ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) የዘይድን ልጅ ኡሳማን አብሮት እንዲያስታምም አስቀርተውለታል። ኡሳማ ያን ጊዜ ገና ልጅ ነበር፤ ቢሆንም ውኃ የሚያቀብል፣ የሚላክ፣ አብሮ የሚያነጋ ሰው ነው። ሦስተኛ፣ ዑስማን ከዚህ ሁሉ በኋላም ከሐሜት አልዳነም። ከዓመታት በኋላ ከግብፅ የመጣ አንድ ሰው፣ ዑስማን ከበድር ቀርቷል አይደል እንዴ ብሎ ዐብደላህ ኢብኑ ዑመርን ጠየቀው። ኢብኑ ዑመርም ለምን እንደቀረ፣ ማን እንዳስቀረውና ምን ድርሻ እንደተሰጠው አስረድቶ አፉን አስያዘው።

አምባ ጊዮርጊስ ላይ

ከጎንደር ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ወደ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሄዱ የወገራ ወረዳ ዋና ከተማ አምባ ጊዮርጊስ ትገኛለች። ብርዳማ ደጋ ናት፤ ለጤነኛ ሰው እንኳ ሌሊቱ ይከብዳል። እዚያ የማውቀው አንድ ወንድማችን ትንሽ ሱቅ አለው። ባለቤቱ ደም ግፊቷ ሳይታወቅ ቆይቶ ስትሮክ ጣላት፤ ግማሽ ጎኗ አይታዘዝም፣ ንግግሯም ተሳስሯል። ከሆስፒታል ከወጣች በኋላ ያለው ሥራ ሁሉ የእሱ ሆነ።

ሰው አልራቀውም። እንዲያውም ጠያቂ ይበዛል። ችግሩ ጠያቂው መጥቶ ይቀመጣል፣ ቡና ይፈላለታል፣ ሲሄድ ሌላ ይተካል። ቡናውን የምታፈላው የ13 ዓመት ልጁ ነች፤ በዚህ የተነሳ ከትምህርት ቤት መቅረት አበዛች። ባልየው ደግሞ ሚስቱን የሚተካለት ሰው ስለሌለ ጥቂት ጁምዓዎች አመለጡት። «እሱ ከሚስቱ ቀሚስ ሥር መውጣት አልቻለም» የሚል ወሬ ጆሮው ገባ። ሳነጋግረው እንዲህ አለኝ፦ «ሰው አልጠፋብኝም፤ የጠፋብኝ እንቅልፍ ነው። አንድ ሌሊት ተኝቼ ባድር ሌላ አልፈልግም ነበር»።

ይህን ወንድም ላሙት ሰዎች የምለው አለኝ። ኢብኑ ዑመር ራሱ ጁምዓ ቀን ሰዒድ ኢብኑ ዘይድ መታመሙን ሲሰማ፣ ቀኑ ከፍ ካለ በኋላ ወደ እሱ ጋልቦ ሄዶ ጁምዓን እንደተወ ቡኻሪ ዘግቧል። የፊቅህ ሊቃውንትም የሚተካው የሌለውን አስታማሚ ከጁምዓና ከጀመዓ ሰላት በዑዝር ከሚቀሩት ይቆጥሩታል። ስለዚህ እንዲህ ያለውን ሰው ለምን ቀረህ ከማለት በፊት፣ ጁምዓ እንድትሰግድ ማን ይቀመጥልህ ብሎ መጠየቅ ይቀድማል። የሚስቱን ቤት የምታውቅ አንዲት እህት ለአንድ ሰዓት ብትቀመጥለት ነገሩ ያልቅ ነበር።

አስታማሚ ሊያውቀው የሚገባ

በመጀመሪያ፣ በባልና በሚስት መካከል በማጠብም ሆነ በማፀዳዳት የሚያሳፍር ነገር የለም። ወደ ሐበሻ ከተሰደዱት አንዷ የነበረችው አስማ ቢንት ዑመይስ በኋላ አቡበክርን (ረ.ዐ) አግብታ፣ ሲሞት ገላውን ያጠበችው እሷ እንደነበረች ተዘግቧል። ለሙት የተፈቀደ ለሕያውማ ይበልጥ የተገባ ነው። ወንዱ «ይህ የሴት ሥራ ነው» ብሎ ልጆቹን ወይም እህቱን ከሩቅ የሚያስጠራበት ምክንያት አይታየኝም።

ሁለተኛ፣ በሽተኛው ሰላቱን እንዲሰግድ መርዳት የማስታመም አካል ነው። ቆሞ ያልቻለ ተቀምጦ፣ ተቀምጦ ያልቻለ በጎኑ ተኝቶ እንዲሰግድ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ለዒምራን ኢብኑ ሑሰይን ነግረውታል። ውኃ የሚጎዳው በተየሙም ይሰግዳል። በሽተኛ ይህን ሳያውቅ ሰላቴ ቀረ ብሎ ሲያለቅስ ማየት ያሳዝናል።

ሦስተኛ፣ ጥቂት የነርስ እውቀት ብዙ ስቃይ ያስቀራል። ራሱን ማገላበጥ የማይችል ሰው በየ2 ሰዓቱ ገደማ ጎኑ ካልተቀየረ ዳሌው፣ ወገቡና ተረከዙ ይቆስላል፤ ቁስሉም ከበሽታው ብሶ ሊገድል ይችላል። አንሶላው መጨማደድና መርጠብ የለበትም። በተለይ ስትሮክ የመታው ሰው አጋድሞ ከማጉረስ ቀና አድርጎ፣ በትንሽ በትንሹ መመገብ ያስፈልጋል፤ አለዚያ ምግቡ ወደ ሳንባ ይገባል። መድኃኒቱን ስሙን፣ መጠኑንና ሰዓቱን በአንድ ወረቀት ጽፎ ግድግዳ ላይ መለጠፍ፣ ያን ወረቀት በየቀጠሮው ይዞ መሄድ ይጠቅማል። የደም ግፊት መድኃኒት ተሻለኝ ተብሎ የሚቆም አይደለም። በሽተኛ ሲነሳ አስታማሚው ወገቡን ሳይሆን ጉልበቱን አጥፎ ያንሳ፤ ወገቡ የተቀጨ አስታማሚ ሁለተኛ በሽተኛ ነው።

አራተኛ፣ አስታማሚው ራሱን አይርሳ። ሰልማን ለአቡ ደርዳእ ጌታህም፣ ሰውነትህም፣ ቤተሰብህም በአንተ ላይ ሐቅ አላቸውና ለእያንዳንዱ ሐቁን ስጥ ብሎ ሲመክረው፣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሰልማን እውነቱን ነው ብለዋል። እንቅልፍ የሰውነት ሐቅ ነው። እርዳታ መጠየቅም የሶብር ጉድለት አይደለም። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም እንደሚባለው ሁሉ፣ ድካሙን የደበቀ አስታማሚም ረዳት አያገኝም።

እርዳታ ከየት ይገኛል?

ጎንደር የሐኪምን እውቀት ወደ ሕዝቡ ቤት በማድረስ ታሪክ ያላት ከተማ ናት። እ.ኤ.አ. በ1953 የወባ ወረርሽኝ ደምቢያን ካረገፈ በኋላ፣ በ1954 የተከፈተው የሕዝብ ጤና ኮሌጅ የጤና መኮንን፣ የማኅበረሰብ ነርስና የንጽሕና ባለሙያ በቡድን እያሰለጠነ ወደ ገጠር ይልክ ነበር። የዛሬው የጎንደር ዩኒቨርሲቲና ሆስፒታሉ ከዚያ የበቀሉ ናቸው። ከ1995 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች በየቀበሌው ተመድበዋል። ለክትባትና ለወሊድ ብቻ ናቸው ብለን አንተዋቸው፤ ቤታችን የተኛ በሽተኛ እንዳለ እንንገራቸው።

እ.ኤ.አ. በ2011 በ13 ወረዳዎች በሙከራ የተጀመረው የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድኅንም አለ። አባል የሆነ ቤተሰብ ዓመታዊ መዋጮ ከፍሎ፣ ከጤና ጣቢያ ሪፈር እየተጻፈለት ይታከማል፤ መክፈል ለማይችል ድሀ መንግሥት ይከፍልለታል። ምዝገባው በዓመት የተወሰነ ጊዜ ስለሆነ ሳይታመሙ መመዝገብ ነው። ይሁንና መድኅኑ የሚሸፍነው ሕክምናውን እንጂ የሚኒባሱን ሒሳብና የአስታማሚውን እንጀራ አይደለም። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ በክልሉ በተነሳው ግጭት መንገድ ሲዘጋ ደግሞ ይህ ወጪ ምን ያህል እንደሚከብድ የሄደበት ያውቀዋል።

ለካንሰርና ለመሳሰለው ሕመም በአዲስ አበባ አርአያ የሚሆኑ አሉ። ሲስተር ጽጌረዳ ይስፋወሰን እ.ኤ.አ. በ2003 ያቋቋሙት ሆስፒስ ኢትዮጵያ በሽተኛውን ቤቱ ድረስ ሄዶ ስቃዩን ማስታገስንና ቤተሰቡን ማገዝን ሥራው አድርጎ ተነሳ። አቶ ወንዱ በቀለና ባለቤታቸው ልጃቸውን በደም ካንሰር ካጡ በኋላ የመሠረቱት የማቲዎስ ወንዱ የካንሰር ማኅበር ደግሞ ከክፍለ ሀገር ለሕክምና ለሚመጡ ማረፊያ በመስጠት ይታወቃል። ሐዘናቸውን ወደ ሥራ የለወጡ ሰዎች ናቸው።

ሕጉ ግን ገና ነው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ሠራተኛ የትዳር ጓደኛው ሲሞት የ3 ቀን ፈቃድ ከነደሞዙ ያገኛል። ለሌላ ልዩና አሳሳቢ ጉዳይ ግን የሚፈቀድለት እስከ 5 ተከታታይ ቀን፣ ያውም ያለ ደሞዝና በዓመት ከሁለት ጊዜ ላልበለጠ ነው። ሕጉም እንደ እኛ ከማስታመሙ ይልቅ ለቀብሩ አስቧል ማለት ነው።

ለጀመዓውና ለዕድሩ

እንግዲህ ወቀሳ ብቻ እንዳይሆን ሐሳቤን ላቅርብ። መስጂድ የማስታመሚያ ቦታ ሆኖ ያውቃል። በኸንደቅ ዘመቻ የቆሰለው ሰዕድ ኢብኑ ሙዓዝ ከቅርብ እንዲጠየቅ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ድንኳን በመስጂዳቸው ውስጥ አስተክለውለታል። በሲራ እንደተጻፈውም ቁስለኞችን የምታክመው ሩፈይዳ የምትባል የአስለም ጎሳ ሴት ነበረች። ስለዚህ ኢማሙ በኹጥባው መጨረሻ ለበሽተኞች ዱዓ ሲያደርግ፣ ከዱዓው ጋር አንድ ዝርዝር ይኑረው፤ በሰፈሩ የትኛው ቤት አስታማሚ አለ የሚል።

ዝርዝሩ ካለ ተራ ማውጣት ቀላል ነው። ሰባት ሰው በሳምንት አንድ አንድ ሌሊት ቢያድር አስታማሚው እንቅልፍ ያገኛል። ለታመመች ሴት እህቶች፣ ለታመመ ወንድ ወንድሞች ተራ ይግቡ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ የተባለው ለዚህ ነው። የዕድር ሕጋችንም ይሻሻል። ዕድር ከቀብር አልፎ መሥራት እንደሚችል አይተናል፤ የኤች አይ ቪ ሕመም በበረታበት ዘመን በርካታ የከተማ ዕድሮች ሕመምተኞችን በየቤታቸው መርዳት ጀምረው ነበር። አባል ሲሞት ከሚሰጠው ገንዘብ ጥቂቱ አባል ወይም የትዳር ጓደኛው በጠና ሲታመም ለመጓጓዣ ቢሰጥ ማንን ይጎዳል? ዘካ የሚያከፋፍሉ ሰዎችም ያስታውሱ፤ ለሕክምና ተበድሮ መክፈል ያቃተው ሰው ቁርአን (9፡60) ከዘረዘራቸው ስምንቱ ወገኖች ውስጥ ነው።

«የሰው ገመና ነው፣ እንዴት እንገባለን?» የሚሉ አሉ። ትክክል ነው፤ ፈቃድ ይጠየቃል፣ የታየውም አይወራም። ነገር ግን ገመና አክባሪነታችን ለቡና ስንቀመጥ ያልከለከለን ለእርዳታ ሲሆን ብቻ ሊከለክለን አይገባም። ጠያቂም አካሄዱን ያሳምር። አጭር ይቀመጥ፤ ቡና አታፍሉ ይበል፤ ሲወጣም «የምትፈልጉት ካለ ንገሩኝ» ብሎ አይሂድ፤ የደከመ ሰው አይናገርም። «ማክሰኞ እኔ አድራለሁ፣ ልጅቷም ትምህርቷን ትሂድ» ብሎ ቁርጡን ይናገር።

ሙስሊም እንደዘገበው በቂያማ ቀን አላህ (ሱ.ወ) የአደምን ልጅ ባሪያዬ ታሞ ለምን አልጠየቅከውም፣ ብትጠይቀው ኖሮ እኔን እርሱ ዘንድ ባገኘኸኝ ነበር ብሎ ይጠይቀዋል። እዚያ ቤት ከበሽተኛው ራስጌ የማይነሳ አንድ ሰው አለ። በእርሱም በኩል እንጠየቃለን። አላህ በሽተኞቻችንን ይማር፣ ለአስታማሚዎቻችን ብርታትና ረዳት ይስጥ። አሚን። ወላሁ አዕለም።