ሃይማኖትን መኖርና በሃይማኖት መጠቀም

ሶላቱን በወቅቱ የሚሰግድ፣ ረመዳንን የሚጾም፣ ከመስጊድ የማይጠፋ ሰው ልቡ እረፍት ሲያጣ እናያለን። ብዙዎቻችንም «ኢማኑ ደካማ ስለሆነ ነው» ለማለት እንቸኩላለን። ጉዳዩ ግን እንዲህ በአንድ ቃል የሚቋጭ አይደለም።

አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ሊቅ ጎርደን ኦልፖርት ከማይክል ሮስ ጋር በ1967 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት ሃይማኖተኞችን በሁለት ከፍሎ ተመልክቷል። አንደኛው ወገን ሃይማኖቱን ለክብር፣ ለወዳጅነት ወይም ለሌላ ጥቅም መሣሪያ ያደርጋል። ለሁለተኛው ወገን ግን ሃይማኖቱ ራሱ የሕይወቱ ግብ ነው፤ ሌላው ጉዳዩ ሁሉ ለእርሱ ይገዛል። ጥናቱ የተካሄደው በክርስቲያኖች ላይ ሲሆን የመረመረውም ጭፍን ጥላቻን ነበር። ከዚያ ወዲህ ክፍፍሉ ለአእምሮ ጤና ምርምርም ውሏል። በ2003 እ.ኤ.አ. የታተመና 147 ጥናቶችን ያገናዘበ ሥራ፣ ሃይማኖተኝነት በጥቅሉ በመጠኑ ካነሰ ድብርት ጋር፣ ሃይማኖትን ለጥቅም መያዝ ግን ከበዛ ድብርት ጋር ተያይዞ እንደሚገኝ አሳይቷል።

ይህ ለሙስሊም እንግዳ ነገር አይደለም። ዑለማዎቻችን ኢኽላስና ሪያእ እያሉ ሲያስተምሩት ኖረዋል። ግልጹ ምሳሌ ኢማም አቡ ሐሚድ አል-ገዛሊ ናቸው። በ1091 እ.ኤ.አ. በባግዳድ የኒዛሚያ መድረሳ መምህር ሆነው ተሾሙ፤ ዝናቸውም ናኘ። በ1095 ግን ኒያቸውን ሲመረምሩ የሚያስተምሩት ለአላህ ተብሎ ሳይሆን ለስምና ለክብር መሆኑን እንደተረዱ ራሳቸው ጽፈዋል። «ልተወው ወይስ ልቆይ?» እያሉ ስድስት ወር ያህል ተጨነቁ። ምላሳቸው ተሳሰረ፤ ምግብ አልዋጥ አላቸው። ሐኪሞችም ሕመሙ ከልብ የመነጨ ነው አሉ። በመጨረሻ ሹመታቸውን ትተው ወደ ሻም ሄዱ፤ ወደ መድረሳ ማስተማር የተመለሱት በ1106 ነበር።

ልብ በሉ! ኢማሙ ዕውቀት አልጎደላቸውም። የመረመሩትም የራሳቸውን ኒያ እንጂ የሌላውን አይደለም። ስለዚህ ይህ መለኪያ በወንድማችን ላይ የምንመዘው ሰይፍ መሆን የለበትም። የአእምሮ ሕመም በቅን ሙእሚንም ላይ ይደርሳል። እንቅልፍ ያጣውን ሰው «ኢማንህ ጎደለ» ብሎ ማሸማቀቅ በሕመሙ ላይ ሐዘን መጨመር ነው። ሐኪም ዘንድ እንውሰደው፤ ዱዓም እናድርግለት።

ራሳችንን ግን እንጠይቅ። ሰው ባያየኝ ይህን ሶላት እንዲሁ አሳምሬ እሰግድ ነበርን? ንግዴ ቢከስር፣ የሚያከብረኝም ቢጠፋ ከዲኔ ምን ይተርፈኛል? መልሱን እያንዳንዳችን እናውቀዋለን፤ ከእኛ በላይ ደግሞ አላህ ያውቃል።