ደንገልና ታንኳ

የእብናት ልጅ ስለ ጀልባ ቢጽፍ ትሥቁ ይሆናል። ዳሩ ግን ከጉና ተራራ የሚነሣው የርብ ወንዝ የፎገራን ሜዳ አቋርጦ የሚገባው ጣና ነው። ወንዛችን የሚያርፍበትን ሐይቅ ማወቅ ይገባናል።

የጣና ጥንታዊ ጀልባ ታንኳ ነው። የሚሠራውም በሐይቁ ዳር ከሚበቅለው ደንገል ነው። ሠሪው ደንገሉን ቆርጦ ያደርቃል፤ በነዶ በነዶ ያስራል፤ ጫፉን ወደ ላይ ቀልብሶ በገመድ ያጠብቃል። ሳንቃም ምስማርም የለውም።

የእንጨት ጀልባ የሚንሳፈፈው ውኃ እንዳይገባበት ተደርጎ ስለ ተደፈነ ነው፤ ቀዳዳ ከተገኘበት ይሰጥማል። ታንኳ ግን ማዕበል ቢረጨው ውኃው በነዶው መካከል ሾልኮ ይወጣል፤ የሚያንሳፍፈው በደንገሉ ልብ ውስጥ ያለው አየር ነውና። ጉድለቱ፣ ሲውል ሲያድር ውኃ እየጠጣ መክበዱ ነው። ስለዚህ ከሥራ በኋላ ከውኃ ወጥቶ ፀሐይ ይመታዋል፤ ዕድሜውም የወራት ብቻ ነው።

ታዲያ እንዲህ ያለ ጀልባ ሸራ ቢተከልበት ውቅያኖስ ያቋርጣልን? ኖርዌያዊው ቶር ሄየርዳል ይህን ለመፈተን የጣናን ደንገል አስቆርጦ ወሰደ። የቻድ ሐይቅ ሰዎች የሠሩለት «ራ» በግንቦት 1961 ዓ.ም. ከሞሮኮ ተነሥታ አትላንቲክን ልትጨርስ ጥቂት ሲቀራት ተበላሽታ ቀረች። በጥንቱ የግብፅ ሥዕል የጀልባዋን የኋላ ጫፍ ወደ ወለሉ ወጥሮ የሚይዝ ገመድ ይታያል፤ ጥቅሙ ስላልታወቀ ግን ተትቶ ነበርና የኋላዋ ጎበጠ። በ1962 ዓ.ም. የቦሊቪያ የቲቲካካ ሐይቅ ሰዎች «ራ 2»ን ከኢትዮጵያ ደንገል ሠሩ፤ በ57 ቀን ባርቤዶስ ደረሰች።

ደንገሉ በሁለቱም ጊዜ የእኛው ነበር። ልዩነቱን ያመጣው የአስተሳሰር ዕውቀት ነው።

በጣና ዳር ይህን ዕውቀት ከአባት ወደ ልጅ ሲያስተላልፉ የኖሩት ነገደ ወይጦ ናቸው። እኛ ግን በታንኳቸው እየተሻገርን እነርሱን ስንንቅ ኖርን፤ ማዕዳቸውንም ተጸየፍን። ዛሬ የደንገሉ ዳርቻ በእርሻ እየተገፋ፣ ከ2004 ዓ.ም. ወዲህም በእምቦጭ እየተወረረ ነው። ደንገሉ ሲጠፋ ሙያውም ይጠፋል።

እንግዲህ ለዕረፍት በባሕር ዳር በኩል የምታልፉ ሁሉ፣ ከሐይቁ ዳር ወርዳችሁ ከአንድ ታንኳ ሠሪ ዘንድ በአክብሮት ተቀመጡ፤ ጠይቁ፤ የሚነግራችሁንም ጻፉ። የተማረ ሰው መጀመሪያ መማር ያለበት ከናቀው ሰው ነው።