ሳንባን የሚከፍቱ፣ ሳንባን የሚጠብቁ



ከመግሪብ በኋላ በምናደርገው ደርስ ላይ ከሕክምና ተማሪ ወንድሞቻችን አንዱ ጥያቄ አነሳ። ቀኑ ሳይደርስ የተወለደ ሕፃን መተንፈስ ሲያቅተው ሳንባው ውስጥ የሚጨመር፣ ከአሳማ ሳንባ የሚዘጋጅ መድኃኒት አለ፤ ለሙስሊም ልጅ ይሰጣል ወይ? ኡስታዛችን ወዲያው አልመለሱም። በመድረሳም የተማርነው ይህንኑ ነው፦ ነገሩን ሳያውቁ ሑክም አይሰጥም። "ምንነቱን አጥንታችሁ አምጡ" አሉን። ያጠናነው እነሆ።

ለእኛ ለምህንድስና ተማሪዎች ነገሩ የሚጀምረው ከፍሉይድ ሜካኒክስ ነው። ሳንባችን ውስጥ በመቶ ሚሊዮኖች የሚቆጠሩ ጥቃቅን የአየር ከረጢቶች አሉ፤ ውስጣቸው እርጥብ ነው። ውሃ ደግሞ ገጹን ማጥበብ ይወዳል፤ ጠብታ ክብ የሚሆነውም ለዚህ ነው። በላፕላስ ሕግ መሠረት ከረጢቱን ከፍቶ ለመያዝ የሚያስፈልገው ግፊት የገጽ ውጥረቱ እጥፍ ለሬዲየሱ ሲካፈል ነው። ከረጢቱ ባነሰ ቁጥር የሚያስፈልገው ግፊት ይጨምራል፤ እንዲሁ ቢተው ትንንሾቹ ተንፍሰው ይጣበቃሉ። ይህ እንዳይሆን በከረጢቶቹ ግድግዳ ላይ ያሉ ሴሎች ሰርፋክታንት የሚባል ነገር ያመነጫሉ፤ ሳሙና የውሃን ገጽ እንደሚያላላው ውጥረቱን ያላላል። ሱብሐነላህ! ቀኑ ያልደረሰ ሕፃን ግን ይህን ገና በበቂ አያመነጭም። ሜሪ ኤለን ኤቨሪ እና ጄሬ ሚድ ይህን ያሳዩት እ.ኤ.አ. በ1959 ነው። ከአራት ዓመት በኋላ የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ኬኔዲ ልጅ ፓትሪክ በዚሁ ችግር በተወለደ በሁለት ቀኑ ሞተ፤ መድኃኒቱ ገና አልነበረም።

ሰርፋክታንት አብዛኛው ስብ ነው፤ አንድ አሥረኛው ገደማ ፕሮቲን። ፕሮቲኖቹ ኤስፒ-ኤ፣ ኤስፒ-ቢ፣ ኤስፒ-ሲ እና ኤስፒ-ዲ ይባላሉ። ቢ እና ሲ ስቡ በፍጥነት እንዲሰራጭ የሚያደርጉ ናቸው። ቢን ፈጽሞ መሥራት የማይችል ሆኖ የሚወለድ ሕፃን ሙሉ ዘጠኝ ወሩን ጨርሶም ቢሆን መተንፈስ ይሳነዋል፤ የሲ ጉድለት ደግሞ ሳንባን ቀስ በቀስ ያጠባስላል።

ኤ እና ዲ ሌላ ሥራ አላቸው፤ እኛን ይበልጥ የገረመን ይህ ነው። እነዚህ ዘበኞች ናቸው። ጫፋቸው ላይ ያለው ክፍል በካልሲየም እየታገዘ በባክቴሪያና በቫይረስ ገጽ ላይ ያለውን ስኳር ይይዛል። ኤስፒ-ዲ አራት ክንድ ያለው መስቀለኛ ቅርጽ ስላለው ብዙ ጀርሞችን በአንድ ጊዜ ይዞ ያጠባብቃል፤ ከዚያ ማክሮፋጅ የሚባሉት ነጭ ሴሎች መጥተው ይውጧቸዋል። ጠላት በሌለበት ጊዜ ደግሞ እነዚሁ ፕሮቲኖች የሰውነት መከላከያ ያለ ምክንያት እንዳይቆጣ ያረግባሉ። ኤስፒ-ዲ እንዳይኖራቸው የተደረጉ አይጦች ማንም ሳይነካቸው ሳንባቸው እየተጎዳ እንደሚሄድ ታይቷል።

ዘበኛ ሁሉ ግን አይሳካለትም። የ2009ኙ ወረርሽኝ ጉንፋን ቫይረስ ኤስፒ-ዲ የሚይዝበት ስኳር በሚገባ ስለሌለው በቀላሉ ያመልጠዋል። የቲቢ ነገር ደግሞ ይገርማል፤ የቲቢ ባክቴሪያ የሚኖረው ማክሮፋጅ ውስጥ ስለሆነ መዋጡ ይጠቅመዋል። በላቦራቶሪ ኤስፒ-ኤ መዋጡን ሲያፋጥንለት ኤስፒ-ዲ ደግሞ ይቀንስበታል። በአጫሾች ሳንባ ውስጥ ሁለቱም ፕሮቲኖች አንሰው ተገኝተዋል (ከዶርም ጀርባ የምትቆሙ ወንድሞች፣ ሰምታችኋል)።

ወደ ጥያቄው እንመለስ። ኩሮሰርፍ የሚባለው መድኃኒት ከአሳማ ሳንባ፣ ሰርቫንታ ደግሞ ከከብት ሳንባ ይዘጋጃል። የሚወጡት ስብን በሚያሟሙ ኬሚካሎች ስለሆነ ከስብ ጋር የሚሄዱት ቢ እና ሲ ይቀራሉ፤ ውሃ ወዳዶቹ ኤ እና ዲ ታጥበው ይወጣሉ። ስለዚህ መድኃኒቱ ሳንባን ይከፍታል እንጂ ዘበኞቹን አይመልስም፤ ሕፃኑ ከኢንፌክሽን መጠበቅ ያለበት በሌላ መንገድ ነው። ለፊቅሁም አንድ ነጥብ ይወጣል። አንዳንዶቻችን "ተቀይሯል፣ ኢስቲሓላ ነው" ብለን ነበር። አይመስለንም፤ የተጣራ እንጂ የተለወጠ ነገር አይደለም።

ይህን ይዘን ስንመለስ ኡስታዛችን መልሱ ያለው በደሩራ በር ነው አሉ፤ የሱረቱል በቀራን 173ኛ አንቀጽ አስታወሱን። ከከብት የተዘጋጀው በእጅ ካለና ሐኪሙ ይበቃል ካለ እሱ ይቅደም። የሕፃኑ እስትንፋስ በደቂቃ የሚቆጠር ከሆነና ያለው የአሳማው ብቻ ከሆነ ግን "አባትየው ፈትዋ ሊፈልግ መስጂድ አይሮጥ፤ ይፈርም" አሉ።

የሕክምና ተማሪው ወንድማችን ያከለውን ብዙዎቻችን አናውቅም ነበር። በ1972 ሊጊንስ እና ሃዊ የተባሉ የኒውዚላንድ ሐኪሞች ያለቀኗ ልትወልድ ለተቃረበች እናት የሚሰጥ የስቴሮይድ መርፌ የፅንሱ ሳንባ ቶሎ እንዲበስል እንደሚያደርግ አሳይተዋል። ሕፃኑ የራሱን ሰርፋክታንት ይሠራል፤ አሳማም ከብትም የለበትም። ግን በደንብ ለመሥራት አንድ ቀን ያህል ይፈልጋል። ምጧ ያለጊዜው የጀመራት እህት ወይም ሚስት ያለችው ሰው "ይተዋት ይሆናል" ብሎ ሌሊቱን ካሳለፈ ያ ቀን ያልፋል።

ለሚቀጥለው ደርስ በኡስታዛችን ፊት የተቀመጠው ጥያቄ የከብቱ ነው፦ አስተራረዱ ያልታወቀ ከብት ሳንባስ?